ለጸሎት ነው

በቤተ ክርስቲያናችን ሹመትም ደመወዝም የሌለው፣ ግን አንድ እሁድ ቀርቶ የማያውቅ አገልግሎት አለ። «ለጸሎት ነው የምነግርህ» ይባላል። አመስጋኝ አጥቶ ስለኖረ ዛሬ እኔ ላመስግነው።

ባለፈው እሁድ አንዲት ልጅ ከዲሲፕሊን ተመለሰች። ሳታገባ ወልዳ ከኳየር ታግዳ ነበር፤ ዓመት ያህል የኋላ ወንበር ላይ ከረመች። ሽማግሌዎቹ መመለሷን ሲያበስሩ እልልታው ጣሪያ ሊነቅል ደረሰ። አሜን በማለት ደግሞ የእኛን እትዬ የደረሰባቸው የለም።

ግቢ ውስጥ ሻይ ሲቀዳ እትዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «ስም አልጠራም» አሉኝ። «ያቺ ቀይዋ፣ ቅድም እልል የተባለላት። የልጁን አባት ታውቀዋለህ? ለጸሎት ነው እንጂ ሐሜት እንዳይመስልህ።»

መዝሙር 103 እግዚአብሔር ኃጢአታችንን ምሥራቅ ከምዕራብ እንደሚርቅ ከእኛ አራቀ ይላል። እትዬ ያንን ሁሉ መንገድ ደርሶ መልስ የጨረሱት በግማሽ ብርጭቆ ሻይ ነው። ይህ ጸጋ ካልሆነ ምን ጸጋ ይባላል?

እውነቱን ለመናገር ጌታ ራሱ በዚህ በኩል ቸኩሏል። ጴጥሮስ እሳት እየሞቀ፣ ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ ካደው። ከትንሣኤው በኋላ ግን በጥብርያዶስ ባሕር ዳርቻ ፍም ላይ ዓሣ አዘጋጅቶ ቁርስ አበላው። ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ብሎ ጠየቀውና በጎቹን አስረከበው። ሰውዬው ሁለት ወር ሳይሞላው በበዓለ ኀምሳ ቆሞ ሰበከ፤ 3000 ያህል ሰው ተጠመቀ። የኋላ ወንበር የለ፣ ክትትል የለ! እትዬ እዚያ ቢኖሩ ኖሮ ግማሹ ሕዝብ ስብከቱ ሳያልቅ የዶሮዋን ነገር ይሰማ ነበር። ለጸሎት።

ማቴዎስም በምዕራፍ 1 ጋለሞታይቱን ረዓብንና ዳዊት የወሰዳትን የኦርዮን ሚስት እንደሚያነሣ ብነግራቸው «ይኸው!» አሉ። የሚቆጥረው የጌታን አያት ቅድመ አያቶች መሆኑን ስጨምርላቸው ግን ሻያቸው ላይ ስኳር ጨመሩ።

ዮሐንስ 8 ላይ ያቺን በምንዝር የተያዘች ሴት ሊያስወግሩ ያመጡት ሰዎች ከሽማግሌዎች ጀምረው አንድ በአንድ ወጡ። የእኛዎቹ ጽናት ግን ያስቀናል። ሻይ ሳያልቅ ማንም ንቅንቅ አይልም።

ይህን ሳስብ ልጅቷ ሕፃኑን ታቅፋ መጣች። ወንበር ስባ እትዬ አጠገብ ቁጭ አለች።

«እትዬ፣ እየጸለዩልኝ ነው አሉ። ጌታ ይባርክዎት። የጎደለ እንዳይኖር ከመጀመሪያው ልንገርዎት?»

ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። ወዲያ ማዶ ያሉት ሁሉ ዞር አሉ። ሕፃኑ የነጠላቸውን ጥለት ጨብጦ ይጎትታል።

እትዬ ድንገት ታክሲ ትዝ አላቸው። ግማሹ ሻይ ብርጭቆው ውስጥ ቀረ።