ተከታታዩ ይበልጣል፣ ዝናቡ ግን የፊልሙ ነው

ባለፈው ሳምንት ሄርማታ አካባቢ ጀበና ቡና ቁጭ ብለን ዝናብ ያዘን። ጅማ ነውና ይሄ ወሬ አይሆንም። ወሬው አጠገቤ የነበረው ልጅ ነው። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ስልኩ ላይ የዴርዴቪልን ተከታታይ ፊልም እያየ ስለነበር "የድሮውንስ ፊልም አይተኸዋል?" አልኩት።

"እሱማ አይነፋም! ማን ያየዋል?" ብሎ ሳቀብኝ።

ስንት ደቂቃ እንዳየ ስጠይቀው፣ ያየው ቲክቶክ ላይ የተቆረጠች አንዲት ትዕይንት ናት።

ተናደድኩ። ልጁ ተሳስቷል ብዬ ግን አልነበረም። ተከታታዩ ከፊልሙ ይበልጣል፣ ያውም በብዙ። የሚያናድደኝ ያ የተናቀ ፊልም በአንድ ነገር፣ ለዚህ ጀግና ደግሞ ዋና በሆነው ነገር፣ ተከታታዩን እንደሚያስከነዳው የሚናገርለት ሰው መጥፋቱ ነው። ስለዚህ እኔ ልናገርለት።

ለማያውቅ ባጭሩ፦ ዴርዴቪል ስታን ሊ እና ቢል ኤቨረት እ.ኤ.አ. በ1964 ለማርቭል የፈጠሩት የኮሚክ ጀግና ነው። ቀን ቀን ማት መርዶክ የሚባል ዓይነ ስውር ጠበቃ፣ ማታ ማታ ጭምብል አጥልቆ የኒውዮርኩን የሄልስ ኪችን ሰፈር ወሮበሎች የሚቀጠቅጥ። ልጅ እያለ አደገኛ ኬሚካል ዓይኑን አጠፋው፣ በምትኩ ጆሮው፣ አፍንጫውና ጣቶቹ ከሰው ሁሉ በላይ ሆኑ። ዓይነ ስውር ጠበቃ መባሉ ለአንዳንዱ ተረት ይመስል ይሆናል። እኛ ግን የትነበርሽ ንጉሤን እናውቃለን። በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጥታ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ከወሰዱት አንዷ ናት። እና እኔ እንዲህ ያለ ታሪክ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ድብድቡን አይደለም። ሰውዬው ዓለምን እንዴት አድርጎ እንደሚያገኛት ማየት ነው የምፈልገው።

ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ዴርዴቪልን ሆኖ የሠራው ቤን አፍሌክ ነው፣ ኋላ ባትማን የሆነው ራሱ። እኔ ያየሁት መርካቶ አካባቢ በነበረ ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ሁለት ሰው መሀል ተጣብቄ ነው። መሀል ላይ መብራት ጠፋና መጨረሻውን ያየሁት በሳምንቱ ነው፣ በድጋሚ ከፍዬ።

ድክመቱን አልደብቅም። ማትና ፍቅረኛው የምትሆነው ኤሌክትራ የተዋወቁ ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የልጆች መጫወቻ ሜዳ ውስጥ ገብተው ካራቴ የሚማቱበት ትዕይንት አለ። ልጁ ቲክቶክ ላይ ያየው ይሄንን ነው። በዚህ ትዕይንት ፊልሙን ለመከላከል የሚነሳ ካለ እኔ የለሁበትም። ያ ቀይ የቆዳ ልብስም ቢሆን ሲንቀሳቀስ የሚንቋቋ ይመስለኛል። ለሲኒማ የቀረበው 103 ደቂቃ ሲሆን፣ በዓመቱ ዳይሬክተሩ ማርክ ስቲቨን ጆንሰን 30 ደቂቃ ጨምሮበት ራሱ የፈለገውን ቅጂ አወጣ። የማት የጠበቃነት ሥራ በደንብ የሚታየው በዚህኛው ነው። የተሻለ ነው። ግን ያም ቢሆን ሜዳውን አላስወጣውም።

ተከታታዩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 ኔትፍሊክስ ላይ በ13 ክፍሎች መጣ። እኔ ጋ የደረሰው ፍላሽ ላይ ተጭኖ ነው። ሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ያለውን የኮሪደር ድብድብ ያየ ሰው ስለሌላው ባይነገረውም ይገባዋል። ማት የታፈነ ልጅ ሊያስለቅቅ ይገባል። ቀድሞ ተደብድቧል፣ ጎኑ ቆስሏል። ካሜራው ጠባቧ ኮሪደር ውስጥ ቆሞ ወደፊትና ወደኋላ ይላል እንጂ አይቆረጥም። ማት አንዱ ክፍል ሲገባ እኛ ውጭ ቀርተን የሚሰባበረውን ዕቃ ብቻ እንሰማለን። የወደቁት ሰዎች ተመልሰው ይነሳሉ። እሱም ግድግዳ ተደግፎ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ እንደገና ይማታል፣ ቡጢው እየዛለ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ልጁን አቅፎ ሲወጣ እኔም አብሬ ደክሞኝ ነበር። ሱፐርሂሮ ሲደክም ያየሁት ያኔ ነው።

ስለ ዋናው ባላንጣ ስለ ፊስክም፣ ኪንግፒን ስለሚባለው የወሮበሎች አለቃ፣ አፌን ሞልቼ አላወራም፣ ተሸንፌያለሁ። ፊልሙ ላይ ኪንግፒንን የሠራው ነፍሱን ይማርና ማይክል ክላርክ ዳንካን ነው። ኮሚኩ ላይ ገጸ ባሕርዩ ነጭ ስለሆነ ያኔ ያጉረመረመ ነበር፣ በኔ ዓይን ግን ለቦታው ከዳንካን የተሻለ ሰው አልነበረም። በር የሚሞላ ሰውነት፣ ሲጋራ፣ ያ ሳቅ። የጎደለው የሚሠራበት ጊዜ ነው፤ ፊልሙ ለራሱ ለማትም አልበቃ ያለው። በተከታታዩ ፊስክን የሠራውን ቪንሰንት ዶኖፍሪዮን ሁለት ክፍል ሙሉ ስሙን ለመጥራት እንኳ ሰው ይፈራዋል። ሦስተኛው ክፍል ማብቂያ ላይ ሲታይ ደግሞ ሰው አይገድልም፣ አይጮህም። ጋለሪ ውስጥ አንድ ነጭ ሥዕል ፊት ቆሞ ብቸኝነት እንደሚሰማው ይናገራል። ስምንተኛው ክፍል ላይ ልጅ ሆኖ አፍጥጦ የሚያየውን ነጭ ግድግዳ ስናይ ያ ሥዕል ምን እንደነበረ ይገባናል። ለዚህ ዓይነቱ ነገር 13 ክፍል ያስፈልጋል።

እሺ፣ አሁን ወደ ፊልሙ።

አፍሌክ ሊወጣ ሲል የብር ኖቶቹን ሲያጥፍ የሚታይበት ቦታ አለ። እያንዳንዱን በተለያየ መንገድ ያጥፈዋል። ዶላር አንዱም መቶውም በመጠን እኩል ነው፣ በእጅ ዳሰው አይለዩትም። ይሄን ሳይ የመጡብኝ ሰፈራችን የነበሩ አንድ ዓይነ ስውር አባት ናቸው። ሱቅ ውስጥ መልስ ሲቀበሉ "ይሄ ስንት ነው ልጄ?" ይሉና ሲነገራቸው አንዱን አጥፈው ደረት ኪስ፣ ሌላውን ጠቅልለው ሱሪ ኪስ ይከቱ ነበር። ልጅ ሆነን የስስታም ሰው አመል ይመስለን ነበር። የገባኝ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው።

ማታ ደግሞ አፍሌክ የሚተኛው ሬሳ ሣጥን በሚመስል ውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ነው፣ ክዳን ዘግቶ። ለምን? ከተማው አያስተኛውማ! የእያንዳንዱ ቤት ጠብ፣ የእያንዳንዱ መኪና ጥሩምባ ጆሮው ውስጥ ነው። ስጦታ የተባለው ነገር መከራም መሆኑን በአንድ ዕቃ ብቻ አሳዩን።

ከዚያ ዝናቡ። ማትና ኤሌክትራ ጣሪያ ላይ ቆመዋል። ማት ዝናብ ሊመጣ መሆኑን ያውቃል፣ እንድትቆይ ይፈልጋል። ጠብታው ፊቷ ላይ ሲወርድ እያንዳንዱ ድምፅ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ ከንፈሯን እየሳለለት መልኳን ያያል። ቪዲዮ ቤቱ ጸጥ አለ። ፍቅር ሲመጣ ማፏጨት ደንብ ነበር፣ የዚያን ቀን ያፏጨ ትዝ አይለኝም።

ጅማ ያደገ ሰው ይሄ ትዕይንት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዝናቡ ከጅሬን በኩል ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው የሩቅ ቆርቆሮ ነው፣ ከዚያ የጎረቤት፣ ከዚያ የራስህ። ዓይንህን ጨፍነህ ግቢውን ታየዋለህ። ኮባው ላይ ሲወርድ ጠፍ ጠፍ ይላል፣ ሸራው ላይ ድም ድም ይላል። አሸንዳው ሥር ያለው ባልዲ ሊሞላ ሲል ድምፁ ይቀየራል፣ እናትህም ከመኝታ ቤት ሆና "ባልዲውን ቀይረው!" ትላለች፣ ሳታየው። አንድ ኮሚክ ላይ የተመሠረተ ፊልም ይሄን ስሜት ሲይዝ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ተከታታዩስ? አምስተኛው ክፍል ላይ ማት ቁስሉን ለምታክመው ነርስ ለክሌር፣ ለእሱ የሚታየው ዓለም እሳት እንደሚመስል ይነግራታል፣ እኛም ለአፍታ ቀይ የሚንበለበል ምስል እናያለን። ከዚያ በኋላ ነገሩን ተዉት። አዎ፣ የልብ ምት ሰምቶ ውሸታም ይለያል፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ቻርሊ ኮክስ ዓይኑን ማንም ላይ ሳያሳርፍ የሚተውንበት ጥንቃቄም ቀላል አይደለም፤ የአሜሪካ የዓይነ ስውራን ፋውንዴሽን ሽልማት የሰጠው በከንቱ አይደለም። ጭምብሉን ሲያጠልቅ ግን ዓይነ ስውርነቱ ይረሳል። ድብድቡ እየረቀቀ በሄደ ቁጥር የማየው አንድ በደንብ የሚያይ ካራቴ የሚችል ሰው ነው።

አንድ የሚያስቅም የሚያሳፍርም ነገር ልጨምር። ተከታታዩ ሲወጣ ዓይነ ስውራን እንዲከታተሉት ምስሉን በቃል የሚተርክ ድምፅ አልነበረውም። ስለ ዓይነ ስውር ጀግና የተሠራ ፊልም! ጩኸቱ ሲበዛ ኔትፍሊክስ በአራተኛው ቀን ይህን ትረካ እንደሚጀምር አስታወቀ፣ የመጀመሪያውም ዴርዴቪል ሆነ። ነገሩ ለሌሎች ፊልሞችም በር ከፍቷል፣ ግን ማን ነበር ሳይጮህበት በፊት ማሰብ የነበረበት?

ይሄን ሁሉ ለልጁ ጀበናው እስከ በረካ ድረስ ነገርኩት። ፊልሙንም ፍላሹ ላይ ጫንኩለት። በነጋታው ደወለ።

"አየሁት" አለ። "ኪንግፒኑ አሪፍ ነው።"

"ዝናቡስ?"

"የቱ ዝናብ? ጣሪያው ላይ ያለው? ፍቅር ነገር መስሎኝ አሳለፍኩት ባክህ።"