ሩሌት ላይ «እጥፍ ማስያዝ» ለምን አያዋጣም?

ወንድሜ፣ ያልከው ሐዋሳ ፒያሳ ቡና ላይም ይወራል፦ ሩሌት (ኳስ በሚሽከረከር ባለቁጥር ጎማ ላይ የምትጣልበት ቁማር) ላይ ቀይ አስይዝ፣ ከተበላህ እጥፍ አድርግ፣ አንዴ ሲወጣ ሁሉም ይመለሳል። እኔንም አሳምኖኝ ነበር።

ግን የአውሮፓው ሩሌት 37 ቁጥር አለው፦ 18 ቀይ፣ 18 ጥቁር፣ አንድ አረንጓዴ ዜሮ። የቀይ ዕድል ሁሌም ከ37 18 ነው። ኳሷ ያለፈውን አታስታውስም። በ10 ብር ጀምረህ 7 ጊዜ በተከታታይ ከተበላህ 1,270 ብር ሄደ፤ ስምንተኛው 1,280 ይጠይቃል። ለ10 ብር ትርፍ! ይህ ደግሞ ከመቶ ሙከራ አንዴ ገደማ ይደርሳል። ጠረጴዛውም የውርርድ ጣሪያ አለው።

ካላመንከኝ በወረቀት ሞክረው፦ 37ቱም ቁጥር ላይ አንድ አንድ ብር አስይዝ። የትኛውም ቢወጣ የሚመለስልህ 36 ነው። አንዷ ብር፣ ማለትም 2.7 በመቶ፣ የቁማር ቤቱ ናት።