«ተፈጥሯዊ ነው» ሲባል ትንሽ ቆም እንበል

ስለ አዩርቬዳ፣ ማለትም ስለ ህንድ ባህላዊ ሕክምና፣ ያነበብኩት ጽሑፍ ሻታቫሪ የተባለው ሥር ህንድ ውስጥ ጡት ለሚያጠቡ እናቶች እንዴት እንደሚሰጥ ጥሩ አድርጎ አሳይቷል። የማልስማማው «አዩርቬዳ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ነፍሰ ጡርን አይጎዳም» በሚለው ነው። አዩርቬዳ እኮ ዕፅ ብቻ አይደለም። ራሳ ሻስትራ የሚባለው ዘርፍ ሜርኩሪና ሌሎች ብረቶችን አቃጥሎ መድኃኒት ያደርጋል። በ2011 እና 2012 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ የአዩርቬዳ መድኃኒት የወሰዱ 6 ነፍሰ ጡሮች በእርሳስ ተመርዘው ተገኝተዋል። ይሄ ብረት በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ፅንሱ ጋ ይደርሳል።

ሁሉንም አልጥልም ግን። ዱባይ ሳለሁ ጎረቤቴ የህንዷ ኬራላ ልጅ ነበረች። ስትወልድ እናቷ መጥተው በየቀኑ ገላዋን በሞቀ ዘይት ያሹላት ነበር። የኛን አራስ ቤት አስታወሰኝ፤ ገንፎው ብቻ ነው የቀረው! ሜቲ የሚሉትም ያው አብሻችን ነው፣ ለወተት ብለው ይሰጧታል። አብሽ በምግብ ልክ ሲሆን ምንም አይደለም። በክኒን መልክ በብዛት መውሰድ ግን ለእርጉዝ አይመከርም። የስኳር መድኃኒት የምትወስድ እናት ደግሞ ስኳሯ ከልክ በላይ ሊወርድባት ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪሟን ትጠይቅ።