የተነካች ቮልስ ስንት ነጥብ ይቆረጥባት?

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ሰሞኑን ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ የሰማሁት ክርክር ነው። አንድ ወጣት ከአባቱ የወረሳትን ቮልስ ለጥንታዊ መኪኖች ትርኢት ሊያቀርባት አስቦ፣ ጣሪያዋ ላይ ያለው ፖርቶመጋላ (የዕቃ መጫኛ ብረት) እንዲነሳለት፣ ባለ 12 ቮልቱ ባትሪም በጥንቱ ባለ 6 ቮልት እንዲተካለት ይጠይቃል፤ «ፋብሪካው ያላደረገው ሁሉ ነጥብ ያስቆርጣል» ብለውታልና። የመኪና ቆርቆሮ የሚያቃኑት ሽማግሌው ባትላሜራ ፖርቶመጋላውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣ «አብሽር ልጄ፣ ይህን የበየድኩት እኔ ነኝ። አባትህ ከባቲ ገበያ ጭነት ያመጣበት ነበር፤ ነጥብ የሚቆርጠው ሰው ይህን ያውቃል?» አሉት።

ወጣቱ የሰማው ምክር መሠረት የለውም አልልም። እ.ኤ.አ. በ1950 በካሊፎርኒያ በተጀመረው የፔብል ቢች ውድድር መኪናው 100 ነጥብ ይዞ ይገባና ዳኞቹ ጉድለት ባገኙበት ቁጥር ይቀንሱበታል። ሆኖም እዚያው ፔብል ቢች እ.ኤ.አ. በ2001 ሳይታደሱ፣ ጭረታቸውን እንደያዙ ለሚቀርቡ መኪኖች የራሳቸው ምድብ ተከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው ፊቫ የተባለው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽንም በመኪናው ዘመን የተደረገን ለውጥና ከዘመኑ በኋላ የመጣን ለውጥ ለያይቶ ይመዘግባል። ወደ እኛ የደረሰው ግን የቅነሳው ወሬ ብቻ ይመስለኛል።

የወሎን መኪና ያለዚህ ልዩነት መዳኘት አይቻልም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ተወርዶ 1,850 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ሞተሩ ቤንዚን ስለሚበዛበት ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ስለዚህ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን የካርቡራተሩን የነዳጅ ቀዳዳ በጠበበ መለወጥ መኪናዋን ከአገሩ አየር ጋር ማስማማት እንጂ ፋብሪካውን መናቅ አይደለም። በ12 ቮልቱም ቢሆን ቮልስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደዚያው ተሻግሯል። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ በአሰብ መስመር ሲመላለሱ ከኖሩት የፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪኖች መካከልስ ጭነት እንዲችል ባሌስትራ (የብረት ሞላ) ያልተጨመረለት ስንቱ ይሆን?

በእርግጥ «ለሥራ ነው» የሚለው ቃል የሁሉ መሸሸጊያ መሆን የለበትም። ባለፈው ወር የተገጠመ ሰፊ ቸርኬና ሰፈር የሚያናውጥ ስፒከር ስለ ባለቤቱ እንጂ ስለ መኪናዋ ታሪክ አይናገርም፤ የራሱ ምድብ ይሰጠው። ማስረጃው ደግሞ ብዙ ጊዜ ብረቱ ላይ አለ። የዚያችን ቮልስ የፖርቶመጋላ እግር ጎንበስ ብዬ ሳየው፣ በተላጠው ጠርዝ ላይ ሰማያዊ፣ ከሥሩ ነጭ፣ ከሁሉም ሥር ግራጫ ቀለም ተደራርቦ ነበር፤ የጣሪያዋም ቀለም በዚያው ቅደም ተከተል ይወርዳል። ፖርቶመጋላው መኪናዋ ግራጫ ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ አብሯት አርጅቷል ማለት ነው።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ እንዲህ ያለ ትርኢት የሚያዘጋጅ ቢገኝ የምለምነው፣ በዳኞች ቅጽ ላይ «ተለውጧል?» ከሚለው አጠገብ «መቼ? ለምን? በማን እጅ?» የሚሉ ባዶ መስመሮች እንዲጨምር፣ ከዳኞቹም አንዱን ባትላሜራ ወይም የቶርኖ ባለሙያ እንዲያደርግ ነው። ፊቫ የዕለት መጓጓዣ የሆነን መኪና ከታሪካዊ እንደማይቆጥር አውቃለሁ፤ በዚያ ከሄድን ግን ዛሬም ልጆችን ትምህርት ቤት የምታደርስ ቮልስ ከበር ትመለሳለችና ይህን አንቀጽ እንኳ ባያመጡብን እመርጣለሁ።

ወጣቱ ፖርቶመጋላውን ሳያስነሳ ሄደ። በባትሪው ግን እስከ መጨረሻው አልተስማሙም፤ ሽማግሌው «ባለ 6 ቮልቱን ከየት ልታመጣው ነው?» እያሉት ነበር።