«ውጤት የለውም» የተባለው ፖስተር

በቅድመ ምረቃ ተማሪዎች የምርምር ውድድር ላይ ዳኛ ሆኜ ካየኋቸው ሥራዎች እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልጠፋው፣ ምንም ሽልማት ሳያገኝ የተጠቀለለ አንድ ፖስተር ነው። ተማሪዋ ከአንድ ተክል ቅጠል የተጨመቀ ፈሳሽ የባቄላ ቡቃያን ዕድገት ያፋጥን እንደሆነ ለማወቅ ሞክራ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ፈሳሹን ያገኙት ቡቃያዎች በክብደት በለጡ። እዚያ ላይ ብታቆም ኖሮ የሚያምር ግራፍ ይዛ በቀረበች ነበር። እርሷ ግን አንደኛው ትሪ ለመስኮቱ የቀረበ መሆኑን አስተዋለች፤ ትሪዎቹን አቀያይራ ሙከራውን ስትደግመው ልዩነቱ ጠፋ። የነጥብ መስጫው ቅጽ «የግኝቱ ፋይዳ» የሚል ዓምድ ስለነበረው እኔም እንደ ሌሎቹ ዳኞች ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠኋት።

በዚያው ቀን ያሸነፈው ሥራ በመጠይቅ የተሠራ ጥናት ሲሆን አቀራረቡ እንከን አልነበረውም። መላሾቹ እንዴት እንደተመረጡ ሲጠየቅ ግን ተማሪው «ዝርዝሩን የሰጡኝ አማካሪዬ ናቸው» ከማለት አላለፈም።

ከአማካሪ ጋር መሥራት በራሱ ነውር አይደለም። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1969 የጀመረውና ለብዙዎች አርአያ የሆነው የቅድመ ምረቃ ምርምር መርሐ ግብር የቆመው ተማሪው በመምህሩ ምርምር ውስጥ ገብቶ እንዲሠራ በማድረግ ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ደረጃ «አዲስ ምርምር» ስንል ርእሱ ከተማሪው ጭንቅላት ብቻ ይፍለቅ ማለታችን ሊሆን አይችልም፤ ተማሪው የትኛውን ውሳኔ ራሱ እንደወሰነና ለምን እንደወሰነ ማስረዳት ይችላል ወይ ማለታችን መሆን አለበት። ይህ ደግሞ የሚታወቀው በጥያቄና መልሱ ነው፤ እኛ ግን ለገለጻው ሰፊ ጊዜ ሰጥተን ለጥያቄ ሁለት ደቂቃ እናስተርፋለን።

የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2008 የጀመረው፣ ተወዳዳሪው በ3 ደቂቃና በአንድ ስላይድ ብቻ ሥራውን የሚያስረዳበት ውድድር ለዚህ ልማድ ሳያስበው በር ከፍቷል ብዬ እጠረጥራለሁ። ያ ውድድር የታሰበው ለዶክትሬት ተማሪዎች ነው፤ የሚመዝነውም የማስረዳት ችሎታን እንጂ የምርምሩን ጥራት አይደለም። ቅርጹን ወስደን «ምርጥ ምርምር» የሚል ዋንጫ ስናስከትልበት አንደበተ ርቱዕ የሆነውን እንሸልማለን።

ያልተሳካ ሙከራን በተመለከተ የዊሊያም ፐርኪን ታሪክ ይታወሰኛል። በ1856 ገና የ18 ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ሳለ የወባ መድኃኒት የሆነውን ኩዊኒን ለመሥራት ሞክሮ ያገኘው ጥቁር ዝቃጭ ነበር። ዝቃጩ በአልኮል ሲሟሟ የሰጠው ሐምራዊ ቀለም የሰው ሠራሽ ማቅለሚያ ኢንዱስትሪ መነሻ ሆነ። በእኛ ቅጽ ቢመዘን ኖሮ «ኩዊኒኑ የታለ?» ተብሎ ይወድቅ ነበር። እርግጥ ከሸፈ የተባለ ሙከራ ሁሉ ሐምራዊ አይወጣውም፤ የባቄላዋ ተማሪም ቀለም አላገኘችም። ያገኘችው የራሷ የመጀመሪያ ውጤት ስሕተት መሆኑን ነው፤ ለዚህ ደግሞ ቅጹ ዓምድ አልነበረውም።

ለቀጣዩ ውድድር አዘጋጆች ያለኝ ሐሳብ አጭር ነው፦ «ተማሪው የራሱን ውጤት ለማፍረስ ምን ሞከረ?» የሚል ዓምድ ይጨመር፤ ነጥቡም ለፖስተሩ ውበት ከሚሰጠው ይብለጥ።