ዳማ ያልያዘችው ቂም

ውሻዬ ዳማ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ነው ከእንስሳት መጠለያ ያመጣናት። ልጄ ለምና ለምና አሸነፈችኝ። መልኳ ቀይ ዳማ ስለሆነ ስም ለማውጣት አልተቸገርንም። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ብዙ ሐበሻ ያለበት ሕንፃ ውስጥ ነው። አሳንሰር ውስጥ የበርበሬ ሽታ የማይጠፋበት ዓይነት ሕንፃ።

መጀመሪያ ላይ ከብዶኝ ነበር። እኔ ያደግሁት ወሎ ነው። እኛ ቤት ውሻ ደጅ ነው የሚያድረው። እዚህ ሳሎን ገብታ ሶፋ ላይ ስትጋደም ሳያት አንድ ነገር የተሰበረ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ ደግሞ ባሰ። "አንተ፣ ይሄ እኮ ጸሎት የሚደረስበት ቤት ነው" አለችኝ። ሦስት ሳምንት አልሞላትም፤ ከሳህኗ ላይ አጥንት እየለየች ማስቀመጥ ጀመረች። በጾም ሥጋ ገዝታ ስታበስልላት አይቼ ጠየቅኋት። "እሷ ምን ጾም አላት?" አለችኝ።

"ፈረንጅ ውሻ ይወዳል" እንላለን። እውነት ነው፣ ይወዳል። እኔን ግን እየቆየ የገረመኝ ፍቅሩ ሳይሆን ሥርዓቱ ነው። በቨርጂኒያ አራት ወር የሞላው ውሻ ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዲከተብ ሕግ ያዛል። ፈቃድም ይወጣለታል። ሰፈር ውስጥ በማሰሪያ ነው የሚሄደው። መንገድ ላይ የጣለውን ባለቤቱ በፌስታል ያነሳል። ይሄ ሁሉ ስላለ ነው ልጄ መንገድ ላይ ውሻ ስታይ የምትስቀው። እኔ በሷ ዕድሜ ድንጋይ ነበር የማነሳው።

አዲስ አበባ ውሻ የነከሰው ሰው ፓስተር ይሄዳል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለበት ግቢ ነው። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ይህን ያህል ዘመን አልፎ በሽታው አሁንም ሕፃናት ይገድልብናል። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚመልሰው መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። መፍትሔው ግን የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መዛመቱን ያቆማል።

እኛ ለረጅም ጊዜ የመረጥነው መርዝ ነው። በሌሊት የተመረዘ ሥጋ ይጣላል። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ የምናውቃቸው ውሾች መንገድ ዳር ተዘርረው እናገኛቸዋለን። አንዷ በየቀኑ ከዳቦዬ የምቆርስላት ነበረች። መርዝ የታመመውን ከጤነኛው አይለይም። የሞቱት በለቀቁት ቦታ ደግሞ ከሌላ ሰፈር ያልተከተቡ ውሾች ይገቡበታል። ይሄ ነገር ዛሬም ያናድደኛል። የገደልናቸው ባለቤት ስላጡ ነው፤ ባለቤት ያሳጣናቸው ግን እኛው ነን።

ቋንቋችንም ቢሆን ለውሻ አይራራም። በፖለቲካ የተጣላነውን ሰው ልንሰድብ ስንነሳ መጀመሪያ አፋችን ላይ የሚመጣው እሱ ነው። "የእገሌ ውሻ" እንላለን። ገንዘብ ተቀብሎ ይናገራል የምንለውን "ውሻ በበላበት ይጮኻል" እንለዋለን። የውስጥ ጠላት የምንለውን ደግሞ "ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል"። ጠያቂ ያጣ ሞት ሲሆን "የውሻ ደም ሆኖ ቀረ"። ይቺ የመጨረሻዋ ታስፈራኛለች። አንድን ሰው ደጋግመን ውሻ ካልነው፣ ቀን ሲከፋ ደሙን የሚጠይቅለት አይኖርም። በኛ ዕድሜ እንኳ ይሄ ሲሆን አይተናል።

አያቴ ግን ውሻን ለሌላ ነገር ነበር የሚፈልገው። በድሮ ጊዜ በአገራችን ለጎረቤቱ በቀጥታ መናገር ያልቻለውን በውሻው ስም የሚናገር ሰው ነበር። አያቴ በደርግ ጊዜ ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ አካባቢ ገበሬ ነበር። አንድ ጎረቤቱ ጠቆመበትና ለጥቂት ቀናት አሰሩት። ሲፈታ ማንንም አልተናገረም። አንድ ቡችላ አመጣና ስሙን "ምን አጠፋሁ" አለው። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ በሩ ላይ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጣራል። "ምን አጠፋሁ! ና፣ ምን አጠፋሁ!" ጎረቤቱ ይሰማል። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ውሻውን የጠራን ሰው ማን ያስራል?

አሜሪካኖቹም ይህን መንገድ ያውቁታል። ዋሽንግተን ውስጥ የፍራንክሊን ሩዝቬልት መታሰቢያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተ። ከፕሬዝዳንቱ ሐውልት አጠገብ የውሻው የፋላም ሐውልት ተቀምጧል። በ1944 የምርጫ ዘመቻ ተቃዋሚዎቹ አንድ ወሬ አናፈሱበት። ፕሬዝዳንቱ ውሻውን አሉሺያን ደሴቶች ላይ ረስቶት መጣ፣ የጦር መርከብ ልኮ አስመለሰው፣ የሕዝብ ገንዘብ አባከነ የሚል ነው። ሩዝቬልት ሴፕቴምበር 23 ቀን ንግግር አደረገ። እኔን ብትሰድቡኝ፣ ሚስቴንና ልጆቼን ብትሰድቡ አንቀየምም፤ ፋላ ግን ይቀየማል አለ። የራሱን ቁጣ ለውሻው ሰጠው። ምርጫውንም አሸነፈ።

ልክ በስምንት ዓመቱ፣ በዚያው ሴፕቴምበር 23፣ ለምክትል ፕሬዝዳንትነት ይወዳደር የነበረው ሪቻርድ ኒክሰን ቴሌቪዥን ላይ ቀረበ። ደጋፊዎቹ ስላዋጡለት 18,000 ዶላር ነበር የተጠየቀው። ስለ ገንዘቡ አስረዳና በስጦታ ወደተላከለት ቼከርስ ወደሚባል ውሻ ዞረ። ልጆቼ ይወዱታል፣ የፈለጋችሁትን በሉ፣ እሱን አንመልሰውም አለ። አገሩ ከውሻው ጋር ቆመ። አያቴ ይህን ቢሰማ የሚገርመው አይመስለኝም። ልዩነቱ አያቴ የፈራው እስር ቤት ሲሆን እነሱ የፈሩት የምርጫ ሣጥን መሆኑ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

እንግዲህ በሁለቱም አገር ውሻው የሚናገረው የጌታውን ሐሳብ ነው። ስለዚህ ዳማም የኔን ትይዛለች ብዬ ነበር።

አንድ ትልቅ ሰው ጎረቤት አሉን። የመቀሌ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ቡና ሲፈላ ይመጡ ነበር፤ እኛም እንሄድ ነበር። ለዳማ ሕምባሻ የሚቆርሱላት እሳቸው ናቸው። በኖቬምበር 2020 ጦርነቱ ጀመረ። እዚህ ያለነው ሐበሾች መከፋፈል ድሮም እናውቅበታለን። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የእግር ኳስ በዓላችን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2012 ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ከተማ ላይ ነው የተከበረው። ያኛው ግን ኳስ ነበር። ይሄኛው ቤት ድረስ ገባ። ዋሽንግተን ላይ ሁለቱም ወገን ሰልፍ ይወጣ ነበር። እኔ በአንዱ ወጣሁ፣ ጋሼ በሌላው። አንድ ቀን መኪና ማቆሚያው ላይ ባንዲራችንን እንደያዝን ተገጣጠምን። ሰላም ሳንባባል ተላለፍን።

ዳማ ይህን አላወቀችም። ወይም አውቃ እንቢ አለች። እሳቸውን ከሩቅ ስታይ ማሰሪያውን ይዛ ትጎትተኛለች። እኔ ወደ ኋላ እስባለሁ፣ እሷ ወደ ፊት። ጉልበቷ ደግሞ ቀላል አይደለም። ጋሼ ቆመው ይጠብቋታል። ጎንበስ ብለው ያሻሿታል። እኔ ሌላ ቦታ አያለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን እሷን አናገሯት። "ዳማ፣ ደህና አደርሽ? የቤትሽ ሰዎች ደህና ናቸው?"

ዝም ማለት አልቻልኩም። የትልቅ ሰው ሰላምታ ነው። "ዳማ፣ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን በያቸው" አልኩ።

ከዚያ በኋላ ንግግራችን ሁሉ በሷ በኩል ሆነ። ወራት እንዲህ አለፉ። ሚስቴ ሁለታችሁም አብዳችኋል ትላለች። እኔ ግን ያቺን ሰላምታ መጠበቅ ጀምሬ ነበር። ሥራ ቀይሬ የመውጫ ሰዓቴ ሲለወጥ እንኳ ዳማን የማወጣው በእሳቸው ሰዓት ነበር።

በ2021 ኦክቶበር መጨረሻ ላይ የትግራይ ኃይሎች ደሴ ገቡ። እህቴ ልጆቿን ይዛ በእግርም በመኪናም ደብረ ብርሃን ደረሰች። ቤቷን ዘግታ ነው የወጣችው። ውሻዋን ግን ከሰንሰለት ፈትታ ግቢ ውስጥ ተወችው። በቤታችን ከአያቴ ወዲህ የመጣ ወንድ ውሻ ሁሉ ስሙ አንድ ነው። አንተን የመሰለ ታማኝ ትቼ መጣሁ እያለች ስታለቅስ ስልክ ላይ ሰምቻታለሁ። ያን ሰሞን ለጋሼ በዳማ በኩልም ሰላምታ አልመለስኩም።

ደሴ በዲሴምበር መጀመሪያ ተመለሰች። እህቴም ተመለሰች። ቤቱ ተፈትሿል፣ ብዙ ዕቃ የለም። ውሻው ግን በሩ ላይ ተኝቷል። አልከሳም። አንድ ወር በላይ ማን አበላው? ጎረቤቱ ሁሉ ሸሽቶ ነበር። እህቴ ግቢው ውስጥ የብስኩት ወረቀትና የቆርቆሮ ጣሳ አገኘች፤ አንዱ ጣሳ በውኃ ተሞልቶ ጥላ ሥር ተቀምጧል። "ቤቱን ይዘው የነበሩት ልጆች ናቸው ያበሉት" አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ያለውን ነገር ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። ንዴት ነበረበት። ሌላም ነገር ነበረበት።

በዚያው ሳምንት ማታ ብርዱ ከብዶ ሳለ ዳማን ይዤ ወጣሁ። ጋሼ መግቢያው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። "ዳማ" አሉ፣ "እናቴ ጋ ስልክ ከተቋረጠ ስድስት ወር ሊሞላው ነው። ትኑር ትሙት አላውቅም።"

"እግዚአብሔር ድምፃቸውን ያሰማዎት በያቸው" ልል ነበር። አፌ ላይ ቀረ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና በቀጥታ "ጋሼ" አልኳቸው። የእህቴን ነገር ነገርኳቸው። መሸሿን፣ ቤቱን፣ የብስኩቱን ወረቀት፣ ውኃውን። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አዩ።

"ልጆች ናቸው እኮ" አሉ። ቆይተውም "ውሻው ማን ይባላል?" አሉኝ።

"ምን አጠፋሁ።"

የጠየቅኳቸው መሰላቸውና ቀና ብለው አዩኝ። ስሙ መሆኑን፣ አያቴ እንዳወጣው ነገርኳቸው። ቀስ ብለው ደገሙት። ከዚያ ወደ ጨለማው መኪና ማቆሚያ ዞረው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ውሻ እንደሚጠራ ሰው "ምን አጠፋሁ!" አሉ።

ዳማ ጆሮዋን አቆመች።