ታግ ነው፣ እንለፈው

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ ሬስሊንግ ከፍቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። አራት ሰዎች ሪንጉ ጋ ሲደርሱ አውራ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ጎተተው። አራቱም ጠፉ።

«ምነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ታግ ቲም እኮ ነው። ምን ያደርግልሃል?»

ታግ ቲም ማለት ሁለት ለሁለት የሚገጠምበት፣ ውጭ የቆመው ጓደኛው እጁን ሲነካው ብቻ የሚገባበት ግጥሚያ ነው። አራት ጎረምሳ በአንድ አውራ ጣት! («ውሸት እኮ ነው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ውሸት ይሁን፤ ወለሉ ግን እውነት ነው።)

ልጁ ላይ አልፈርድም። ያስለመዱት የሬስሊንጉ አለቆች ናቸው። ዛሬ ታግ ቲም ማለት ሥራ የፈቱ ሰዎች ማቆያ ነው። ባለፈው ሳምንት የተደባደቡ ሁለት ሰዎች በዚህ ሳምንት አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ይመጣሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ አንዱ ሌላውን በወንበር ይለዋል። አበቃ።

እኔ የምወደው ተረት አለ፤ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ»። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው «ድር ቢያብር»ን ነው። እሱ ስብሰባ ሲከፈትበት ኖሮ ነፍሱ የወጣ ተረት ነው። የኔው ቁጥሩን ያውቃል። ሦስት አላለም፣ ኮሚቴ አላለም፣ ሁለት አለ። መድኃኒት ደግሞ በአንድ አዳር አይቀመምም።

በ1980ዎቹ ሪኪ ሞርተንና ሮበርት ጊብሰን የሚባሉ ጥንዶች ነበሩ። ሞርተን ትንሽዬ ነው። ሁለት ግዙፎች ጥግ አስይዘው ይቀጠቅጡታል። በእንብርክኩ ይሳባል። ጊብሰን ከገመዱ ውጭ እጁን ዘርግቷል። ሊነካው ጣት ሲቀረው እግሩን ይዘው መልሰው ይጎትቱታል። ደግሞ ይሳባል። በመጨረሻ እጅ ለእጅ ሲነካኩ አዳራሹ ያብዳል። ሰው ገንዘቡን የከፈለው ለዚያች ንክኪ ነው።

ገመድ ካነሳሁ አይቀር፣ ጥጉ ላይ የታሰረች አጭር ገመድ አለች። ውጭ የቆመው ሰው እሷን ይዞ ነው እጁን መዘርጋት ያለበት። ርቀቱን ርቀት የምታደርገው እሷ ናት። ዛሬ ማን ይይዛታል? እንደተንጠለጠለች ታመሻለች። አራቱም ባንዴ ሪንጉ ውስጥ ይተራመሳሉ። እስከ አምስት ቆጥሮ አንዱን ማስወጣት ያለበት ዳኛ እንደ ሰርገኛ ቆሞ ያያል። ታዲያ ለምን አሰራችኋት? ፍቷት! ይሄ በእውነት ያበሽቀኛል።

ስለ ጥንድ ከተወራ ደግሞ የጆተኒውን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ሰፈር ውስጥ እኔ ከኋላ፣ ጓደኛዬ ከፊት ነበርን። በረኛውና ተከላካዩ የኔ፣ አጥቂው የሱ። የተሸነፈ ይከፍላል። ያን ክረምት እኛ ብዙም አልከፈልንም። አንድ ቀን ስመጣ ከሌላ ልጅ ጋር ቆሟል። ልጁ ጎበዝ እንዳይመስላችሁ፣ ሳንቲም ያለው ነበር። «ዛሬ ከሱ ጋር ነኝ» አለኝ፣ ዘንጉን ሳይለቅ። ዘንጉን ሳይለቅ! አሁን ሰርግ ቤት ስንገናኝ እንሳሳማለን። እኔ ግን አንዷን ጉንጭ ቀንሼ ነው።

ለዚህ ነው ሬስለሩ ማርቲ ጃኔቲ የሚያሳዝነኝ። እ.ኤ.አ. በ1992 መጀመሪያ ላይ የታግ ቲም ጓደኛው ሾን ማይክልስ አገጩን በእርግጫ ብሎ በመስታወት መስኮት ወረወረው። ማይክልስ ገናና ሆነ። የጃኔቲ ስም ደግሞ መስደቢያ ሆኖ ቀረ። ጥንድ በፈረሰ ቁጥር «ጃኔቲው የትኛው ነው?» ይባላል። የተወረወረው ሰውዬ ይሰደባል፣ የወረወረው ይጨበጨብለታል።

አለቆቹም ከዚያ ወዲህ የሚጓጉት ለመፍረሱ ነው። ኡሶዎቹን፣ ጂሚንና ጄይን፣ ተመልከቱ። መንትዮች ናቸው፤ ከአንድ ሆድ የወጡ። ስማክዳውን የሚባለውን ሳምንታዊ ትርኢት የታግ ቲም ቀበቶ 622 ቀን ያዙ። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓመቱ ትልቁ ትርኢት የሬስልማኒያ የመጀመሪያው ምሽት ሲዘጋ ለሳሚ ዜይንና ለኬቨን ኦወንስ አስረከቡ። ታግ ቲም ትልቁን ምሽት ዘጋ፣ ስታዲየሙ ቆሞ ጮኸ። ከዚያስ? በዚያው ዓመት ጂሚ ጄይን ከዳው፤ በዓመቱ ሬስልማኒያ ላይ መንትያ ከመንትያ ገጠሙ። ግጥሚያው እንቅልፍ ያመጣ ነበር። ኒው ዴይ የሚባሉት ሦስቱ ጓደኛሞችም አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ 10ኛ ዓመታቸውን ሊያከብሩ ተሰብስበው፣ አንገቱ ተሰብሮ ከሪንግ የራቀውን ቢግ ኢን ሁለቱ ጓደኞቹ ፊት ነሱት። በበዓላቸው ቀን!

ኧረ ልጁን ረሳሁት። ስልኩን ተቀብዬ ወደ ኋላ መለስኩለት። አንዱ ጥግ ተይዞ እየተቀጠቀጠ ነው። ጓደኛው እጁን ዘርግቷል። ገመዷን አልያዘም፤ ለዛሬ ልለፈው ብዬ ዝም አልኩ።

«አሁን እይ» አልኩት።

አየ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሳይነካው አየ። ደስ አለኝ።

«ጋሼ፣» አለ፣ «የሚከዳው የትኛው ነው?»

«ማንም አይከዳም።»

አውራ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገ።